ግራ ጎኑ የሰፋ ባርኔጣ

ሣህሌ መጀመሪያ ካኪውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና በመዳፉ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርገዋል። የተጨማደደ ቦታ ካለ የሚያገኘው ጣቱ እንጂ ዓይኑ አይደለም። ቀጥሎ የሳሙና ስባሪ ያነሳል፤ ጠመኔ ይበናል ብሎ አይወድም። አንድ ትልቅ ክብ ያሰምራል፤ ውስጡ ደግሞ ለጭንቅላት የሚሆን ትንሽ ክብ። ትንሹን ክብ ልክ መሃል ላይ አያደርገውም፤ ወደ ቀኝ ሁለት ጣት ሸሸት ያደርገዋል። ሲያሰምር ፊቱ ከጨርቁ ከአንድ ስንዝር በላይ ስለማይርቅ የሚያሸተው ይመስላል። መቀሱን ግን መስመሩ ላይ አያስኬደውም። አንድ ጣት ወጣ አድርጎ ይቆርጣል። ያቺ አንድ ጣት ትርፍ ናት፤ ስፌት የሚይዘው በእሷ ነው።

ለክፈፉ ከካኪው ሁለት፣ ከሸራው አንድ። ሸራው መሃል የሚገባው ክፈፉ ዝናብ ሲመታው እንዳይወድቅ ነው። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያያይዛል፣ ዳሩን ይሰፋል፣ ይገለብጣል፣ በካውያ ይተኩሳል። ከዚያ ክር ማስገባት ይመጣል። እዚህ ላይ ችኮላ የለም። የክሩን ጫፍ በምላሱ ያርሳል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይስታል። ያርሳል፣ ይስታል። በሦስተኛው ይገባል። እግሩ መርገጫውን ያገኝና ክፈፉ ላይ ዙሪያውን ስምንት መስመር ይሰፋል፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት በሜትር ቢለካ አንድ ዓይነት ነው። አናቱን እንደ ብርቱካን ከስድስት ክፋይ ይገጥመዋል። ገበሩ ነጭ አቡጀዲ ነው፤ ገበሩ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ኪስ ይሰፋል። በመጨረሻ ከውስጥ በኩል ከጆሮ በላይ በሚውለው ቦታ፣ ግራና ቀኝ፣ የላስቲክ ቀለበት ያያይዛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትርንጎና ልጇ ትህትና ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በበሩ በኩል ያያሉ። የመጡት ከሺሺንዳ በጠዋቱ መኪና ነው። ትህትና የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ የበቆሎ ፀጉር ይመስላል፣ ቆዳዋ ነጭ ነው፣ ዓይኗን ብርሃን ስለሚያስቸግራት አገጯን ደረቷ ውስጥ ቀብራ ነው የምታየው። ትርንጎን ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ጋሽ ሣህሌ፣» አለች፣ «ጭንቅላቷን ሳይለኩ በፊት፣ የትምህርት ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ በየት በኩል ነው ብለው ጠየቋት። መስኮቱ ከባርኔጣ ጋር ምን አገናኘው?»

ከመደርደሪያው ጀርባ የያሲር ድምፅ መጣ። «እንዳትጠይቂው! መልሱ አሥር ዓመት ይፈጃል።»

ያሲር የሱቁ ባለቤት ነው። አባቱ ከመሃል አገር መጥተው የከፈቱትን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የወረሰ፣ ቦንጋ ላይ ተወልዶ፣ ቦንጋ ላይ አግብቶ፣ ጢሙን ያሸበተ ሰው ነው። ጨርቁ ከያሲር ይገዛል፣ እዚያው በሣህሌ መኪና ይሰፋል፤ ሣህሌና ያሲር እንዲህ ሆነው ሃያ ስምንት ዓመት ኖረዋል፣ አንድ ቀን ሳይነካከሱ ውለው አያውቁም። ደግሞም ያሲር እውነቱን ነው፤ መልሱ አሥር ዓመት ይፈጃል።

ሣህሌን ቦንጋ የሚያውቀው በሁለት ስም ነው። ሐኪሞች አልቢኖ ይሉታል፤ ከተማው ፈረንጁ ይለዋል። «ሱሪህን ፈረንጁ ጋ ስጠው» ማለት ለሣህሌ ስጠው ማለት ነው። በልጅነቱ ስድብ ነበር፤ ሲያድግ አድራሻ ሆነለት። አንድ ጊዜ ማንኪራ ያለውን የዱር ቡና ሊያዩ የመጡ እውነተኛ ፈረንጆች የተቀደደ ቦርሳ ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። ያሲር ከውስጥ ወጥቶ ኮስተር ብሎ፣ «ሣህሌ፣ ዘመዶችህ መጥተዋል፣ አታሳፍረን፣ ሻይ እዘዝላቸው» ብሎ ገበያተኛውን በሳቅ ገደለው። ሣህሌ ቦርሳውን ሰፍቶ ሲጨርስ፣ «የቤተሰብ ሥራ ነው» ብሎ ወደ ያሲር ጠቆመ፤ «ሂሳቡን እሱ ይችላል።»

አሁን ስለ በረንዳው። የያሲር በረንዳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ሣህሌ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣ ያም ሆኖ ያለ ብርሃን መርፌ አያይም። የስፌት መኪና ደግሞ ክንዱ በቀኝ፣ መርፌው በግራ ነው። ብርሃን በቀኝ ከመጣ ክንዱ መርፌው ላይ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ሥራ እንደጀመረ መኪናውን አዙሮ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ግራ ጎኑን ወደ ምሥራቅ አደረገ። የጠዋት ፀሐይ በግራ ጆሮው በኩል ገብታ መርፌው ላይ ቁጭ ትላለች። ለሥራው ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አልነበረም።

ባርኔጣ ነበረው። ሚስቱ አልጣሽ በተጋቡ ሰሞን የገዛችለት ጥቁር ባርኔጣ ነው፤ ወደ ሥራ ሲወጣ ራሷ ታደርግለታለች። ችግሩ የግራው ክፈፍ መርፌው ላይ ጥላ ጣለበት። ሣህሌ ለአንድ ቀን ታገሠ፣ በሁለተኛው ቀን የግራውን ክፈፍ ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ያዘው። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ዓመት ባርኔጣው እንደዚያው ነበር፦ ቀኙ የወረደ፣ ግራው የተሰቀለ። የከተማው ሰው ፋሽን መሰለው። አንዳንድ ጎረምሶችም አስመስለው አጥፈዋል።

ደግሞ ቦንጋ ነው። ከዓመቱ አብዛኛው ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ፀሐይ ወጣች ሲባል ሰው ልብሱን ለማስጣት ይሮጣል። እንዲህ ባለ አገር ላይ ፀሐይ ጎዳኝ የሚል ሰው አይገኝም።

በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አልጣሽ ቁስሉን አየች። የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጠፋ የተባለ ፋይል አውጥታ አቧራውን እፍ ብላ የምታስቀምጥ ሴት ናት፣ የባሏ ጆሮም አያመልጣትም። ጠዋት ጠዋት ፊቱንና ጆሮውን ቫዝሊን ትቀባዋለች። የግራ ጆሮው የላይኛው ጠርዝ ላይ ቅርፊት አገኘች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ። ሲነካ ያምሃል?»

«አንቺ ስትነኪው ነው የሚያመኝ።»

«ቀልድህን ለያሲር አቆይለት።»

ካፋ ውስጥ ለቁስል ማር ይቀባል፤ ያልቀባ የለም። አልጣሽም ከማንኪራ የመጣ ንጹሕ ማር አግኝታ ቀባችው። ቅርፊቱ ወደቀ፣ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ታየ፣ ከላይ ሸፈነ፣ ዳነ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ደማ። እንደገና ማር። እንደገና ሸፈነ። ማሩ ላዩን አጽድቶ አሳመረው፣ ሥሩ ግን ሥራውን አላቆመም ነበር። በዚህ መንገድ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት ሄደ። ሚያዝያ ላይ ቅርፊቱ የባቄላ ፍሬ አከለ። ጤና ጣቢያ ያለው የጤና መኮንን አንድ ጊዜ አይቶ የሪፈር ወረቀት ጻፈ፤ «ጅማ፣ የቆዳ ሐኪም፣ ቶሎ።»

ሣህሌ ወረቀቱን አጥፎ የልኬት ደብተሩ ውስጥ አስገባው።

«ከመስከረም በኋላ» አለ።

ምክንያት ነበረው። ክረምቱ የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ መቶ አርባ ልጅ ለክቶ መዝግቧል። ግንቦት ሄደ። ሰኔ ገባ። አልጣሽ በአማርኛ ለመነች፣ በካፊኖኖ ተቆጣች፣ ሣህሌ ለሁለቱም «ከመስከረም በኋላ» ነው የሚመልሰው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሣህሌ መኪናውን ከፍቶ ተቀመጠ፣ ክር አስገባ፣ መርገጫውን ረገጠ። መንኮራኩሩ አልዞረም። ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰ። መርገጫውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ የለም።

«ያሲር! ቺንጋዬን ሌባ ወስዶታል!»

«ሌባውን አይቻታለሁ» አለ ያሲር ከመደርደሪያው ጀርባ። «ከኋላህ ቆማለች።»

አልጣሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳ ይዛ ቆማለች።

«ቺንጋው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣» አለች፣ «ቦርሳው ደግሞ ጅማ ይሄዳል። ቺንጋህን ከፈለግህ አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቤ ታገኘዋለህ።»

«አልጣሽ፣ የሰው ልጅ ዩኒፎርም አለብኝ።»

«ጆሮም አለብህ።»

«ቢቆርጡትስ?» አለ ሣህሌ። ድምፁ ተለወጠ። «ጆሮዬን ቢቆርጡት ይሄ መነጽር በምን ይንጠለጠላል? ያለ መነጽር መርፌውን አላየውም። መርፌውን ካላየሁ ምንድነኝ?»

አልጣሽ የያዘችውን ቦርሳ አወረደች። የዩኒፎርሙ ነገር ሰበብ እንደነበረ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልጠረጠረችም። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ፍርሃት ብቻውን እንደታቀፈው ስታውቅ ቁጣዋ ሄደ፣ ሐሳቧ ግን አልሄደም።

«እኔ እይዝልሃለሁ» አለች።

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ። መዝገብ ቤት እኔ ብቀር ደስታውን አይችለውም።»

ያሲር ሳቀ፤ ሣህሌ ሊስቅ አልፈለገም፣ ሳቀ። ወላጆች ዩኒፎርሙን ሊወስዱ ሲመጡ ያሲር ሊያባብላቸው ቃል ገባ። ደግሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኛቸው፣ በመስኮት በኩል ክንዱን አሳይቶ፣ «እኔን እይ፤ ተቆልቼ ነው የተወለድኩት፣ ፀሐይ እኔን አይታ ታዝንልኛለች» እያለ።

ጅማ ላይ ያየችው የቆዳ ሐኪም ዶክተር በዛወርቅ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። ጆሮውን በመብራት አየች፣ አንገቱን በጣቷ እየተጫነች ዳበሰች፣ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው። ከዚያ ቀኝ ጆሮውን አየች። ቀኙ ደኅና ነው።

«ለምን ግራው ብቻ?» አለች ለራሷ። ዓይኗ ጭኑ ላይ ያለው ባርኔጣ ላይ አረፈ። «ያቺ መርፌ ቁልፍ ምንድናት?»

ሣህሌ ነገራት። ስለ መኪናው ክንድ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ጥላው። እየነገራት እያለ እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደ።

«ግን ዶክተር፣ ቦንጋ እኮ ደመና ነው። ፀሐይ የት አለና?»

«ደመናው ሙቀቱን ነው የሚይዝልዎት። ቆዳ የሚያበላሸው ጨረር ደመናውን አልፎ ብዙው ይመጣል። ሙቀት ስለሌለ ግን ሰው አይሸሽም።» ከዚያ ጠየቀችው፤ «ልብስ ሲሰፉ ልኬት የሚጽፉበት ደብተር አለዎት?»

«ያለ እሱ ምን እሠራለሁ።»

«የሰው ገላም እንደዚያ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ደብተር አለ፤ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚቆም የተጻፈበት። ዘረመል የምንለው እሱን ነው። ፀሐይ በየቀኑ ከደብተሩ ላይ አንዳንድ ፊደል ታበላሻለች። ሰውነት የሚያርም ሠራተኛ አለው፤ ይፍቃል፣ መልሶ ይጽፋል። የሌላው ሰው ጥቁረት እንደ መጋረጃ ሆኖ ብዙውን ጉዳት ያስቀርለታል። እርስዎ መጋረጃው የለዎትም፣ ስለዚህ ብልሽቱ ይበዛል፣ አራሚውም አንዳንዱን ያልፈዋል። አንድ ዓመት ምንም አይደል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲጠራቀም አንድ ቀን ‹ይበቃል› የምትለዋ መስመር ትበላሻለች። ያቺ ቅንጣት ከዚያ በኋላ መቆም አታውቅም።»

«እግሩን ከመርገጫው የማያነሳ ሰፊ» አለ ሣህሌ።

«ልክ እንደዚያ። ካንሰር ይባላል። ቆርጠን እናወጣዋለን። አንገትዎ ውስጥ ንፍፊት አላገኘሁም፣ ያ ጥሩ ነው። ጥልቀቱንና ዳሩን ግን ላቦራቶሪ አይቶ እስኪነግረን እርግጠኛ አልሆንም።»

ሣህሌ ከደረት ኪሱ የሳሙና ስባሪውን አወጣ። መስታወት ለመነ። ከዚያ ጆሮው ላይ፣ ከቁስሉ በላይ ልክ ጥግ ጥጉን፣ በተለማመደ እጅ አንድ መስመር አሰመረ።

«እስከዚህ ይውሰዱ» አለ። «ከዚህ በላይ ያለው የመነጽር መስቀያዬ ነው። ልመናዬ ነው።»

ዶክተር በዛወርቅ መስመሩን አየች። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር ነው።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ጨርቅ ሲቆርጡ ልክ መስመሩ ላይ ይቆርጣሉ?»

«አይ። ትርፍ አለ።»

«ካልተዉስ?»

«ስፌቱ ይፈታላ።»

«እኔም ከቁስሉ ዙሪያ ደኅና ከሚመስለው ትርፍ ካልወሰድኩ፣ ይፈታል። ይመለሳል።»

አልጣሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች። ሣህሌ ወደ መስታወቱ ተመለከተ። ከዚያ አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ መስመሩን አጠፋው፤ ሳሙናዋን እንደገና አነሳና አንድ ጣት ወጣ አድርጎ፣ በመነጽር መስቀያው መሃል፣ ሌላ መስመር አሰመረ።

«እንዲህ ይበቃል?»

«እንዲህ ይበቃል» አለች።

በማግሥቱ የቆረጠችው አደንዝዛ እንጂ አስተኝታ አይደለም። ሣህሌ ተጋድሞ የመቀሱን ድምፅ ሰማ፤ አጥብቆ አዳመጠ። «ጥሩ መቀስ ነው፣» አለ፣ «የት ገዛችሁት?» ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ዞረች።

የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ብዙ ቀን ወሰደ። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ከዋጫ አካባቢ የመጡ አቶ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ቡና አምራች ተኝተው ነበር። ጥቁር፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ወጥቶ ነበር፤ ጫካ ውስጥ እሾህ ወግቶኝ ነው ብለው በምላጭ ሲቦረቡሩት ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ብሽሽታቸው ላይ እንቁላል የሚያህል ንፍፊት አለ።

«አንተን ፀሐይ በላችህ ይላሉ» አሉት ሣህሌን። «እኔን ምን በላኝ? የእግሬን መርገጫ ፀሐይ አይታው አታውቅም።»

ዶክተር በዛወርቅ ስትመጣ ራሳቸው ጠየቋት። እሷም ሳትሸፋፍን መለሰች፤ የሳቸው ሌላ ዓይነት ነው፣ የፀሐይ እጅ የለበትም፣ በጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ መዳፍና መርገጫ ላይ ነው የሚወጣው፤ ምን እንደሚጀምረው በደንብ አይታወቅም፤ ማንም እግሩን ገልብጦ ስለማያይ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ወደ ሣህሌ ዞሩ። «ሰማህ? አንተ የመጣብህን ታውቀዋለህ። እኔን በኋላ በር ነው የገባብኝ።»

በፋሻ የተጠቀለለው እግራቸው ሱሪ አልገባላቸው ብሎ በጋቢ ነበር የሚውሉት። ሣህሌ ባዶውን መቀመጥ አይችልም፤ አልጣሽን ካኪ አስገዝቶ፣ መነጽሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ በእጅ መርፌ አንድ እግሩ ሰፊ፣ አንድ እግሩ ልክ የሆነ ሱሪ ሰፋላቸው። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ የተጣመመ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም። አቶ ገብረጊዮርጊስ ለብሰው ኮሪደሩን በክራንች ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ የጎበኛቸውን ሁሉ አስቁመው «የቦንጋ ፋሽን ነው» አሉ።

ውጤቱ መጣ። ዶክተር በዛወርቅ ወረቀቱን ይዛ ገባች። «ዳሩ ንጹሕ ነው» አለች። «የሰጡኝ ትርፍ በቅቶናል።» አልጣሽ ከቦርሳዋ ቺንጋውን አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ቦንጋ ሲመለሱ ሐምሌ ነበር። ሣህሌ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፤ መነጽሩ በግራ በኩል ተንሸራቶ ጨርቁ ላይ ወደቀ። አልጣሽ ቃሏን ጠብቃ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ የግራውን እጀታ በሁለት ጣቷ ያዘች። አንድ ኮሌታ ሰፉ። ሁለተኛው ላይ አስነጠሳት፣ መርፌው አውራ ጣቱን ለጥቂት ሳተው።

«እትዬ አልጣሽ፣» አለ ያሲር፣ «ቢሮዎ ይናፍቅዎታል።»

ሣህሌ ያሲርን አንድ ክንድ ላስቲክ ጠየቀው። ጥቁሩን ባርኔጣ አገላብጦ አየ። መጀመሪያ ያደረገው አሥራ ስምንት ዓመት ስትዝግ የኖረችውን መርፌ ቁልፍ ፈትቶ መጣል ነው። ከዚያ ከባርኔጣው ውስጥ፣ ከጆሮ በላይ፣ ግራና ቀኝ የላስቲክ ቀለበት ሰፋ፤ የመነጽሩን እጀታዎች በቀለበቶቹ አስገባ፤ ባርኔጣውን አጠለቀ። መነጽሩ ከባርኔጣው ተንጠልጥሎ አፍንጫው ላይ ቁጭ አለ። ራሱን ነቀነቀ። አልወደቀም። መኪናውን ደግሞ ከበረንዳው አንስቶ ወደ ሱቁ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ አስገባና በግራው በኩል አምፖል አስተከለ፤ መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ የእጅ ሥራ ይሠራል። መቶ አርባው ዩኒፎርም ለመስከረም ደረሰ። ሰባቱ ኪሳቸው የተገለበጠ ነበር፤ ያሲር ነው አጋልጦ የተናገረው።

አቶ ገብረጊዮርጊስ በዓመቱ ሚያዝያ ላይ አረፉ። ሣህሌና አልጣሽ ዋጫ ድረስ ሄደው ለቅሶ ደረሱ። ያቺ አንድ እግሯ ሰፊ ሱሪ ታጥባ ገመድ ላይ ተሰጥታ ነበር፤ ሣህሌ አወቃት፣ በጠማማው ስፌቷ።

ይህ ነገር ከውስጡ አልወጣለትም። ጅማ በየዓመቱ ለምርመራ ይሄዳል፤ በመሃል ሁለት ጊዜ ትንንሽ ቅርፊት ወጥቶበት ገና የምስር ፍሬ ሳያክል ተቆርጦለታል። ባለፈው ዓመት ሲሄድ ዶክተር በዛወርቅን ጠየቃት፤ ፀሐይ አሥራ ስምንት ዓመት የቀጠቀጠችው እኔ ቆሜ፣ ፀሐይ ያልነካቻቸው አቶ ገብረጊዮርጊስ ለምን ሄዱ?

እሷም ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። አዳዲስ ጥናቶች እንደሚሉት፣ አለችው፣ ፀሐይ ብዙ ያበላሸችው ዕጢ ደብተሩ በስሕተት ስለሚሞላ፣ የሰውነት ዘበኛ አንዳንዴ ባዕድ መሆኑን ቶሎ ይለየዋል፤ ዘበኛውን የሚቀሰቅሱ አዲስ መድኃኒቶችም እንዲህ ባለው ላይ የተሻለ ይሠራሉ ይባላል። የፀሐይ እጅ የሌለበት ግን ስሕተቱ ጥቂት ነው፤ የአገሬውን ልብስ ለብሶ በዘበኛው ፊት የሚያልፍ ሰው ማለት ነው። «ግን ይህ ሁሌ እንዲህ አይሆንም፤ መድኃኒቱም እኛ ጋ ገና አልደረሰም። እርስዎን ያቆመዎት ፀሐይዋ አይደለችም፣ ጋሽ ሣህሌ። ቺንጋው ነው። ሁለት ዓመት ቢጠብቁ ኖሮ እርስዎም አንገትዎ ላይ እንቁላል ይዘው ነበር የሚመጡት።»

ሣህሌ ቦንጋ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ያሲርን አስቀምጦ ካልሲውን ማስወለቅ ነበር። ያሲር ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ይታጠባል፤ መርገጫውን ገልብጦ ግን አይቶት አያውቅም። «እኔ እኮ የተቆላሁ ነኝ» እያለ ተንጨረጨረ። ሣህሌ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ጨርቅ እንደሚያይ ሰው ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ በአንድ አየለት። ንጹሕ ነበር። «ከመርገጫህ ይልቅ ካልሲህ ነው ሐኪም የሚፈልገው» አለው።

ከዚያ ወዲህ ለሌላም ሰው ባርኔጣ ይሰፋል፤ የሚሰፋለት ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ ስትሠራ ብርሃን በየት በኩል ይመጣብሃል? ሰፊው ክፈፍ በዚያ በኩል ይውላል። ትህትና ክፍል ውስጥ በመስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ጠዋት በግራዋ ነው የሚመጣባት።

ባርኔጣው አለቀ። ሣህሌ በጡጫው ላይ አድርጎ ዙሪያውን አዞረው፣ የተረፈ ክር በጥርሱ ቆረጠ፣ ወደ በረንዳው ወጥቶ ለልጅቷ አጠለቀላት። ጥላው የግራ ጉንጯንና ጆሮዋን አልፎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ትህትና አገጯን ከደረቷ አነሳች።

«ጌታዬ፣ ደመና ሲሆንስ ታድርገው?» አለች ትርንጎ።

«ደመና ሲሆን አጥብቃ ታድርገው።»

የትህትና ጣት ከክፈፉ ሥር ገብቶ ገበሩ ላይ ያለችውን ኪስ አገኘ። የታጠፈች ወረቀት አወጣች፤ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ልታደርግ ስትል ሣህሌ መልሶ አወረደላት። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራች ታነባለች። ጥቂት አንብባ ቆመችና፣ «እማዬ፣ ጫማሽን አውልቂ» አለች። ሣህሌ በገዛ እጁ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚጽፋት ወረቀት እንዲህ ትላለች፦

«ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፤ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ዛሬ እግርህን ስትታጠብ መርገጫህን ገልብጠህ እየው። ጆሮህን ራስህ ስለማታየው የሚወድህ ሰው ይይልህ፤ አንተም የእሱን እይለት። በአንድ ወር ያልዳነ ቁስል ወይም የሚያድግ ጥቁር ነጥብ ካገኘህ ማር እየቀባህ አትጠብቅ፣ በምላጭም አትንካው፣ ሥራዬን ልጨርስ አትበል። ሂድና አሳይ። ሥራው ባለበት ይቆይሃል። አልሄድ ካልክ ደግሞ፣ እባክህ፣ ይህን ወረቀት ቺንጋህን ለሚደብቅ ሰው ስጠው። ሣህሌ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቦንጋ።»